ቤዝ የምትጫወት ባለቤቴ ስፒከሬን ለምን አትሰማልኝም?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 3.5 በ3.5 ሜትር ነው። እኔ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ አልጫወትም፤ ጥሩ ድምፅ መስማት ግን ነፍሴ ነው። ቀስ በቀስ አጠራቅሜ አምፕሊፋየርና ባለ 6 ኢንች ተኩል ሁለት ስፒከሮች ገዛሁ። የሸክላ ማጫወቻውን አጎቴ ነው የሰጠኝ። ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ፣ ግራና ቀኝ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ሶፋው ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፏል። ባለቤቴ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናት፤ በሳምንት ሦስት አራት ማታ ሆቴልና ክለብ ትሠራለች። አብረን የምንዝናናበት ነገር ይሆነናል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠርቻት ስትቀመጥ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ትነሣለች። ወጥ ስትሠራ ደግሞ በስልኳ ስፒከር እየሰማች ታንጎራጉራለች! ባለፈው አዲስ ኬብል ገዝቼ ‹ልዩነቱ ተሰማሽ?› ስላት ‹እኔ የሚሰማኝ ጂ ስትጮህ ነው፤ ሸክላውም ትንሽ ወርዷል› ብላኝ ሄደች። ቅር ብሎኛል። ትልልቅ ስፒከር ብገዛ ይሻል ይሆን? ወይስ ሙዚቀኛ ሰው ከዚህ ነገር ጋር አይገናኝም?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ቅር ያሰኘህን ንግግር እስቲ ረጋ ብለህ እየው። «ጂ ትጮሃለች፤ ሸክላው ትንሽ ወርዷል።» እኔ የመድረክና የሰው ቤት ድምፅ ሳስተካክል ነው የምውለው። ደንበኞቼ ብዙውን ጊዜ «እንዴት ልበልህ፣ የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ብለው እጃቸውን አየር ላይ ያወዛውዛሉ፤ ቀሪውን እኔ ነኝ የምፈልገው። ያንተዋ ኖታውን በስሙ ጠርታ፣ ሸክላው ወደየት እንደሄደ ነግራህ ነው የተነሣችው። ሁለቱም በሜትርና በእጅ ሰዓት የሚጣሩ ነገሮች ናቸው። ከጂዋ እንጀምር።

ድምፅ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል። (አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ድምፁም ይለያል የሚሉ አሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ከፍታውን እርሳው።) በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የታሰረ አየር ደግሞ አጉልቶ የሚመልሳቸው ድምፆች አሉት፤ ከሁሉ ዝቅተኛዋም የሞገዷ ርዝመት የክፍሉን ሁለት እጥፍ የሆነችው ናት። ያንተ ሳሎን 3.5 ሜትር ነው፤ እጥፉ 7። 343ን ለ7 አካፍለው፤ 49 ኸርዝ ይመጣል። አሁን ባለቤትህ ቤዟ ላይ ወፍራሟን ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቷ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ሦስተኛው) ላይ ይዛ ትምታት። ያቺ ጂ ናት፤ በሴኮንድ 49 ጊዜ ትነዝራለች። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በመሆናቸው ደግሞ ሁለቱም እዚያው 49 ላይ ይገናኛሉ። የዚህ እጥፍ 98 ኸርዝ ነው፤ እሱም ከፍ ያለችው ጂ ነው፤ እሷንም ክፍሉ ያግዛታል። ሳሎንህን ስትረከብ በጂ ተቃኝቶ ነው የተረከብከው።

የጂ ጎረቤት ኖታዎች ደግሞ ይህን እርዳታ አያገኙም። የቤዙ ባዶ ክር ኢ ናት፤ 41 ኸርዝ ናት። ያንተን የሚያህሉ ስፒከሮች እዚያ ድረስ ሲወርዱ አቅማቸው ተሟጥጧል። እንግዲህ ኢ ስትመጣ ስፒከሩ ደካማ፣ ክፍሉም አያግዝም፤ ጂ ስትመጣ ስፒከሩም ትንሽ ይችላል፣ ክፍሉም ተደርቦ ያስጮሃታል። አንተ ይህን «ደህና ቤዝ አለው» ብለህ ነው የምትሰማው። እሷ የምትሰማው አንዱን ጣቱን ብቻ አጥብቆ የሚጫን ቤዝ ተጫዋች ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በባንዷ ውስጥ ቢኖር እረፍት ላይ ትናገረው ነበር።

በእኛ ሙዚቃ ነገሩ ይብሳል። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ከሲ የተነሣ ትዝታ ብትወስድ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አለቀ። ቤዙ ደግሞ አመሻሹን ሙሉ ከሲ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ሲ ሲመላለስ ነው የሚያድረው። አሥራ ሁለቱን ሁሉ በሚያዳርስ ሙዚቃ ውስጥ አንዲት ኖታ ብትጮህ አልፎ አልፎ ነው የምትመጣው። አምስት ብቻ ካሉህና አንዷ፣ ያውም ምሰሶዋ፣ ከጮኸች በየመስመሩ ነው የምትቀበላት። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ መነሣቷ አሁን እንዴት እንደሚታይህ አላውቅም፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቤት ዕቃ መግፋት ይጠይቃል። የዚህች የ49 ኸርዝ ግፊት በጣም የሚበረታው ግድግዳው ሥር ነው። ክፍሉ መሃል ላይ ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ሶፋህ ግድግዳውን ስለተደገፈ ጆሮህን ጩኸቱ ከሁሉ የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥከው። ጆሮህ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የምታገኘው ለውጥ 1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ብዙም አይታወቅህም። 1 ሜትር ሲርቅ 4 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። 1.3 ሜትር ሲደርስ ወደ 8። ከዚያ አልፈህ መሃሉ ላይ ከተቀመጥክ ጂ ራሷ ትጠፋና ሌላ ስሞታ ይመጣብሃል። ስለዚህ ከ1 ሜትር እስከ 1.3 ባለው ውስጥ ፈልግ። ሶፋን ሳሎን መሃል አውጥቶ መኖር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። የምታዳምጡበት ሁለት ወንበር አዘጋጁ፤ ሲያልቅ ይመለሳል። የወርዱ ሞገድ ብዙም አያስቸግራችሁም፤ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ፣ ከግራና ቀኝ ግድግዳው መሃል ከሆናችሁ እሱ እዚያ ድምፅ የለውም።

ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርድልኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር የክፍሉን ሞገዶች በሙሉ ነው የሚቀሰቅሰው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቡፌው ራሱ ይዘፍናል። ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገህ ጆሮህን ወደ መስታወቱ አስጠጋና የሲኒውንና የብርጭቆውን ነገር ስማ። ብሎኬት ደርድረህ ላዩ ላይ ወፍራም ጣውላ ብታደርግበት ይበቃል፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ፣ ማለትም ከላይ ያለችው ክብ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትስተካከል። ከጥግ ግማሽ ሜትር ያህል አርቃቸው።

ይህን ሁሉ ብቻህን አታድርገው። አብረን የምንዝናናበት ነገር ፈልጌ ነበር ብለሃል አይደል? ይኸውልህ። ቤዟን በአነስተኛ ሚክሰር በኩል ወደ አምፕሊፋየርህ አስገቡት፤ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጉት፣ ክሩን በጥፊ መምታት የለም፤ የቤት ስፒከር የመድረክን ምት አይችልም፣ ይቀደዳል። ከባዶው ኢ ጀምራ በእኩል ጉልበት አንድ አንድ ፍሬት እየወጣች ትምታ፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ እያለች እስከ ላይኛው ኢ። አንተ ወንበሩ ላይ ሆነህ የጮኸችውን ላይ መደመር፣ የጠፋችውን ላይ መቀነስ ምልክት አድርግ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ክር መያዝ ማንም ይችላል፤ ጣትህ ትንሽ ይቀላል እንጂ አትሞትም። አንተ ጂን እየመታህ፣ መሃል መሃል ኤፍንና ኤን እየጨመርክ፣ እሷ ወንበሩን ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትሂድ። ሦስቱ እኩል የሆኑላት ቦታ ላይ ወንበሩን ታቁመውና ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ብዙ ብር የሚያወጣ መለኪያ ማይክሮፎን ከዚህ የተሻለ አይነግርህም፤ እሷ ይህን ስታዳምጥ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው።

ቦታው ተገኝቶ አሁንም ጂ ትንሽ ካየለች፣ ስልክህ ወይም አምፕሊፋየርህ ኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻ፣ ካለው 49 ኸርዝ አካባቢ ጠበብ አድርገህ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ቀንስ። መቀነስ ይሠራል። የጠፋችን ኖታ በኢኳላይዘር መጨመር ግን አይሠራም፤ የጨመርከውን ያህል ክፍሉ ይሰርዘዋል፣ አምፕሊፋየሩ ብቻ ነው የሚደክመው።

ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስለ መስቀል፣ ስፖንጅ ስለ መለጠፍ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ፦ 7 ሜትር የሚረዝም ሞገድ ጋቢ አያውቅም። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ለዚህም ሆነ ጎረቤትን ከድምፅ ለመከላከል ምንም አይጠቅም፤ እባክህ ሰው ሲመክርህ ዝም ብለህ እለፈው። መጋረጃና ምንጣፍ የሚረዱት ሌላ ነገር ነው። ሳሎንህ መሃል ቆመህ አጨብጭብ፤ ልስን ግድግዳና ሴራሚክ ከሆነ «ጭርር» የሚል ጅራት ትሰማለህ። ወፍራም ምንጣፍ በአንተና በስፒከሮቹ መካከል፣ ወፍራም መጋረጃ ደግሞ መስኮቱ ላይ ይህን ይውጡታል፤ የዘፋኙ ቃላት ጥርት ይላሉ። ፒያሳና አራት ኪሎ ያሉ የድሮ ቤቶች ውስጥ ሙዚቃ ሰምተህ ከሆነ ለስለስ የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ጣውላ ወለል፣ ከላይ አቡጀዲ ኮርኒስና ከአቡጀዲው በላይ ባዶ አየር። ጨርቅና ከጀርባው አየር፣ ዛሬ ስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ከፍለው የሚያሠሩት ነገር ነው። በምትኩ እዚያ ሰው ሲራመድ ወለሉ ይነቃነቅና መርፌዋ ትዘላለች። ሁሉም ቤት የራሱ ጣጣ አለው።

ወደ ሸክላው እንለፍ። «ትንሽ ወርዷል» ማለቷ ፍጥነቱ ቀንሷል ማለት ነው። ይህን ለማጣራት መተግበሪያ አያስፈልግህም። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ነው የሚዞረው፤ በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር። የሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፍ፣ መርፌዋን አሳርፍ (ያለ መርፌ ከቆጠርክ ጭነቱ ስለማይኖር ያታልልሃል)፣ አንዳችሁ ቁጠሩ፣ አንዳችሁ ሰዓት ያዙ። መቶኛው ዙር 3 ደቂቃ ላይ ከመጣ ማጫወቻህ ደህና ነው። 3 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ከሆነ 1.6 በመቶ ዘግይቷል፤ በሙዚቃ ቋንቋ ከአንድ ግማሽ ድምፅ ሩቡን ትንሽ ያልፋል። አንተ ይህን ላትሰማው ትችላለህ። በየማታው ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር ተቃኝታ የምትሠራ ሰው ግን ጥርሷን ነው የሚያሳክካት። በ33ቱ ከጨረስክ በ45ም ቁጠር፤ በደቂቃ 45። አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው ሊሳሳት ይችላል።

አጎትህ ማጫወቻውን ከአሜሪካ ነው ያመጡት? ከሆነ አንድ ነገር እወቅ። በማውረጃ ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 110 ታወርደዋለህ፤ ትራንስፎርመሩ ግን የመብራቱን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይቀይረውም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ የድሮ ዓይነት ከሆነ ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ነው የሚዞረው፤ 100 ዙር 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ዘፈኑም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ሴት ዘፋኝ ወንድ ትመስላለች። ይህን አንተም ታውቀው ነበር፤ «ትንሽ» ስላለች ያንተ ችግር ይህ አይመስለኝም። ያንተ ምናልባት የላላ የጎማ ቀበቶ ነው፤ የጠነከረችና የተሰነጣጠቀች ከሆነች ለውጣት። ቀበቶዋ ደህና ከሆነች ደግሞ ብዙ ማጫወቻዎች ከሥራቸው ወይም ሞተሩ ላይ በትንሽ ቀዳዳ የምትገባ ማስተካከያ ብሎን አላቸው። በቀጭን መፍቻ በጣም ትንሽ አዙረህ እንደገና መቁጠር ነው። ስታስተካክል ቲውነር (የመሣሪያ መቃኛ) ከሸክላው ጋር አታወዳድር፤ የድሮ ባንድ ዛሬ በተለመደው መቃኛ፣ ኤን 440 ኸርዝ አድርጎ፣ ተቃኝቶ ይሁን አይሁን ሸክላው አይነግርህም። ቆጠራው ግን አይዋሽም።

የድሮ አማርኛ ሸክላ ካላችሁ አንድ ልጨምር። የ1960ዎቹ ዘፈኖቻችን በአብዛኛው በትንንሽ ባለ 45 ሸክላ ነው የወጡት፤ ካሴት መጥቶ እስኪተካቸው ድረስ ስንት ቤትና ስንት ቡና ቤት ዞረዋል፣ መሃል ያለችው ቀዳዳ ሰፍታለች። ቀዳዳዋ ከመሃል በ1 ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ፣ መርፌዋ ከመሃል 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ ድምፁ በእያንዳንዱ ዙር 1.7 በመቶ ያህል ይወጣና ይወርዳል። ረጅም የተያዘ ኖታ ላይ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል። ባለቤትህ «ይዋኛል» ካለችህ ይህ ነው። ሸክላዋን በጣትህ ገፋ እያደረግክ መሃል ማስያዝ ነው፤ የመርፌዋን ክንድ ከጎን ሆነህ ስታየው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን እስኪተው ድረስ።

ከማለፌ በፊት፣ ዘፈን ሳይኖር ዝቅ ያለ «እምምም» የሚል ነገር የምትሰሙ ከሆነ እሱ ሌላ ነው። የመብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ከጂ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሳሎንህ ደግሞ 49ን ስለሚወድ ያጎላዋል። ስለዚህ ጂ የምትጮኸው ቤዙ ሲመታት ብቻ ነው ወይስ ዝም ብሎም አለ ብለህ ጠይቃት። ዝም ብሎም ካለ፣ ከሸክላ ማጫወቻው የምትወጣዋ ቀጭን የመሬት ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለችው ብሎን ጋር መታሰሯን አረጋግጥ፤ ሁለቱንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ አብራ።

አሁን ወደ ስልኳ። ወጥ እየሠራች በስልክ ስፒከር መስማቷ አንተን የናቀች አስመስሎብሃል። የስልክ ስፒከር የቤዝን ኖታ መሠረት ጭራሽ አያወጣም፤ እሱ የሚችለው ከዚያ እጅግ ከፍ ያለውን ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኖታ ከላዩ የሚደራረቡ ድምፆች አሉት፤ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ እያለ ይቀጥላል። እነዚያ ሲሰሙ አእምሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ከማንም በላይ ይሞላዋል፤ መስመሩን ያውቀዋል፣ ጣቱ ላይ አለ። ስለዚህ ስልኩ ውስጥ የሌለውን ቤዝ እሷ ትሰማዋለች፣ ያውም ሁሉም ኖታ እኩል ሆኖ። ካንተ ስፒከር የሚመጣው ግን የተዛባ ቤዝ ነው፤ የተዛባውን መሙላት ደግሞ ከጎደለው ይከብዳል። ሙዚቀኞች ዕቃ አይወዱም የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣ ይመስለኛል፤ ያሬድ ትምህርት ቤት የተማሩም ሆኑ በክለብ በጆሯቸው ያደጉ፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ያለው ቴፕ ያሳፍራል። የሚሰሙት የዘፈኑን አካሄድ ነው፦ ማን ቀድሞ ገባ፣ ከበሮው የት ወደ ኋላ ያዘ፣ ኪቦርዱ የትኛውን ኖታ ዘለለ። የስፒከሩ ጥራት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሌላም አለ። እሷ ሙዚቃን የምትሰማው ከውስጥ ነው፤ በግራዋ ከበሮ፣ ከኋላዋ የራሷ አምፕሊፋየር። ዘፋኙ የሚመጣላት መሬት ላይ ካለው ሞኒተር፣ ወደ ሙዚቀኞቹ ከዞረው ስፒከር፣ ነው። አንተ «መድረኩ ፊቴ የተዘረጋ ይመስላል» ስትላት፣ ለእሷ መድረክ እንደዚያ ተሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ «ልዩነቱ ተሰማሽ?» የሚለውን ጥያቄ ተው። ፈተና ነው፤ መልሱም አንተ የምትፈልገው አንድ ብቻ ነው። በምትኩ «እዚህ ጋ ቤዙ ምን እያደረገ ነው?» በላት። ችክችካ ላይ ቤዙ ከከበሮው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አንድ ዘፈን ይዛ ብታስረዳህ፣ ከዚያ በኋላ ስፒከርህን ራሱ በሌላ ጆሮ ነው የምትሰማው። እኔ ከቤዝ ተጫዋቾች ጎን ቆሜ ስሠራ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ስለ ኬብሉ ከጠየቅከኝ፣ ለዚህ ርዝመትና ለዚህ ጉልበት ተራ ወፍራም የመዳብ ሽቦ በቂ ነው ባይ ነኝ። አታምነኝ፤ ሞክረው፣ ሙከራውም ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። እሷ ከስፒከሮቹ ጀርባ ትሁንና ኬብሉን ትቀይር ወይም የቀየረች ትምሰል፤ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ የትኛው እንደሆነ ንገራት፤ አሥር ጊዜ። ዘጠኙን ካላገኘህ በዕድል ነው። አምፕሊፋየር ወይም ስፒከር ስታወዳድሩ ደግሞ በመጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ሁልጊዜ ትንሽ ጮክ ላለው ነው የሚፈርደው፣ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ተፈታኙ አንተ፣ ፈታኟ እሷ ስትሆን ደግሞ ትነሣለች ብለህ አትስጋ፤ ስትስቅብህ ትውላለች።

መቼ ነው የምትጠራት? ይህን አልነገርከኝም፤ ግን እገምታለሁ፦ ቅዳሜ ቀን፣ ዓርብ ማታ ሠርታ ባደረች ማግስት። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ከሲምባል አጠገብ ቆሞ 100 መድረስ ብርቅ አይደለም፤ እሷ ግን ስንት ሰዓት ነው የምትቆመው? በማግስቱ ጆሮዋ ደንዝዞ፣ አንዳንዴም እየጮኸ ነው የሚውለው። ያን ቀን ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ጸጥታ ነው፤ አንተ በኤርፎን ስማ። ሥራ በሌላት ማግስት፣ ጠዋት፣ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ ሸክላ። ከአንዱ ገጽ በላይ አትለምናት።

የሚቀጥለውን የኬብል ገንዘብ ደግሞ ለሙዚቀኛ ተብሎ ለተሠራ የጆሮ መከላከያ አውለው። ተራው ስፖንጅ ከፍ ያለውን ድምፅ አፍኖ ቤዙን ብቻ ያስቀራል፤ መድረክ ላይ ሙዚቀኞች አውጥተው የሚጥሉት ለዚያ ነው። የሙዚቀኛው ሁሉንም ድምፅ በእኩል ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ቢቀንስላት ያ 15 ደቂቃ ወደ ሰዓታት ይለጠጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው።

የራሷን ባንድ ልምምድ ቅዱ። ስልክም ቢሆን ይበቃል፤ ከከበሮው ራቅ ብሎ፣ የሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ይቀመጥ እንጂ። ያንን ሳሎናችሁ ስታጫውቱት እውነተኛውን የሰማ ሰው አጠገብህ አለ። በሌላ ሸክላ ሁሉ ሁላችንም ስንገምት ነው የምንኖረው፤ ዘፈኑ ሲቀዳ ማናችንም ስቱዲዮው ውስጥ አልነበርንም። እሷ ግን የራሷ ቤዝ በዚያ ቀን እንዴት እንደነበረ ታውቃለች፣ ስፒከርህ የት እንደሚዋሽም በጣቷ ታሳይሃለች።

ትልልቅ ስፒከር አትግዛ፤ ቢያንስ አሁን። ትልቅ ስፒከር 49ን ከአሁኑ የበለጠ በጉልበት ነው የሚያወጣው፤ ያው ክፍል፣ ያቺው ጂ፣ የበለጠ ጩኸት። ታችኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤቶችህም አሉ፤ ቤዝ ወለሉን አልፎ ነው የሚሄደው፣ በስፒከሩ ሥር ላስቲክ ማድረግም ብዙ አያድንህም። ልደታ ባቡሩ አለ፣ ወር በገባ በ1 ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ጎረቤቶችህ በቂ ድምፅ አላቸው። መጀመሪያ ወንበሩን አውጣ፣ ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርድ፣ ዙሩን ቁጠር። ከዚያ መቶው ዙር ስንት ሴኮንድ እንደፈጀና ባለቤትህ ወንበሩን ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳቆመችው ጻፍልኝ፤ ቀበቶም ሆነ ኢኳላይዘር የምትገዛ ከሆነ በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ነው የምነግርህ።